የጭሰኛ ያለህ

(ዘመኑ 1972 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። ቦታው መንዝ፣ ሞላሌ፣ ከገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ዝናቡን ከሚከልልበት ግድግዳ ሥር። ውስጥ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የሚታየውን ሙዚቃዊ ድራማ የሚሠሩ ሰዎች እየተመረጡ ነው። ውጭ ሁለት ጎረቤታሞች ተራቸውን ይጠብቃሉ። መኳንንት የማያውቀው ነገር የለም፤ ካላመናችሁ እሱኑ ጠይቁት። የተዋሰውን ጥቁር በርኖስ ደርቦ ጭራ ይዟል። ጫኔ ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ከገባው ግን አይወጣለትም። ጋቢውን ተከናንቧል።)

መኳንንት፦ ጎንበስ በል ነው ያልኩህ።

ጫኔ፦ ጎንበስ ብያለሁ።

መኳንንት፦ ይህ ጎንበስ ማለት ነው? ይህ የወደቀ መርፌ የሚፈልግ ሰው ነው።

ጫኔ፦ ከዚህ በላይ ጎንበስ ካልኩ እወድቃለሁ።

መኳንንት፦ ውደቃ። ጭሰኛ ነህ።

ጫኔ፦ የማን ጭሰኛ?

መኳንንት፦ የእኔ።

ጫኔ፦ ከመቼ ጀምሮ?

መኳንንት፦ በድራማው ነው ጫኔ፣ በድራማው። ከቤት ስንነሳ ነገርኩህ፣ ወንዙን ስንሻገር ነገርኩህ፣ አሁንም ልንገርህ። እኔ ባላባቱ ነኝ፣ አንተ ጭሰኛው ነህ። ገብተን አንዷን ትርኢት እናሳያለን። መራጯ ጓድ አይታ እኔን ባላባት አድርጋ ትመርጠኛለች።

ጫኔ፦ እኔንስ?

መኳንንት፦ አንተን ምን ታደርግሃለች? አንተ የመጣኸው እኔ እንድታይ ነው። ባላባት ብቻውን ቆሞ በማን ላይ ይቆጣል?

ጫኔ፦ እውነትህን ነው። ግድግዳ ላይ አይቆጣ ነገር።

(ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሲያገሳ ይሰማል፦ «አንተ ጭሰኛ፣ ግብሬን አምጣ!»)

ጫኔ፦ ይህ ደግሞ ማን ነው?

መኳንንት፦ ፈንታ ነው፣ የወንዝ ማዶው። እሱም ባላባት ልሁን ብሎ ነው። ድምፁን ስማው እስቲ፣ ጅብ ያባረረ ይመስላል። ባላባትነት እንዲህ አይደለም።

ጫኔ፦ ከእሱ በፊት የገባውስ?

መኳንንት፦ እሱም ለባላባት።

ጫኔ፦ ከዚያ በፊትስ?

መኳንንት፦ ሁሉም ለባላባት ነው። ምን ታስቆጥረኛለህ?

ጫኔ፦ ጭሰኛ ልሁን ብሎ የመጣ የለም?

መኳንንት፦ በመንዝ? ሁሉ ባለርስት በነበረበት አገር ጤና አጥቶ ካልሆነ ማን ይመጣል?

ጫኔ፦ እኔ መጣሁ።

መኳንንት፦ አንተማ እኔ ስላመጣሁህ ነው። በል ቁም።

ጫኔ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ባላባቱ መጨረሻ ላይ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ በሕዝቡ መሐል ይወሰዳል ብለኸኝ ነበር።

መኳንንት፦ ይወሰዳል።

ጫኔ፦ ሕዝቡም ይጮኽበታል።

መኳንንት፦ ይጮኽበታል።

ጫኔ፦ ታዲያ ይህን ምኑን ወደድከው?

መኳንንት፦ ታስሮም ቢሆን ባላባት ባላባት ነው። ስማኝ፣ ጫኔ። ለበዓሉ አቶ ገብረየሱስ ይመጣሉ። ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት። ልጃቸውን እታገኝን ለምኑልኝ ብዬ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ «እስቲ ቆዩ» ተብለው ተመለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ አይሄዱልኝም፣ አፍረዋል። ሰውዬው ዘር ይቆጥራሉ። አንድ ቀን በበርኖስ፣ በወግ በማዕረግ፣ አገር እየሰማ «ሜዳው የአባቴ» ስል ቢያዩኝ ሌላ ሰው ሆኜ እታያቸዋለሁ።

ጫኔ፦ እታገኝስ ምን ትላለች?

መኳንንት፦ እሷማ ትወደኛለች። አባቷ ናቸው እንጂ። እሷን ካጣሁ እዚህ አገር ምን ቀረኝ? እንጀራውም አይበላልኝም።

ጫኔ፦ አሁንም አትበላም፣ ጾም ነው።

መኳንንት፦ በል ተወው። ከመጀመሪያው እንያዝ። እኔ እንዲህ ብዬ እወጣለሁ። (ደረቱን ነፍቶ ያዜማል)

«ሜዳው የአባቴ፣ ጋራው የአያቴ፣
ማን ፈቅዶልህ ቆምክ ቀና ብለህ ፊቴ።»

አሁን አንተ ምን ትላለህ?

ጫኔ፦ በስንተኛው አያትህ?

መኳንንት፦ ምን?

ጫኔ፦ ጋራው። በስንተኛው አያትህ ነው የሚደርስህ? መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ማን ነው?

መኳንንት፦ ያቀናው የለም። ድራማ ነው።

ጫኔ፦ ሰው ያላቀናው ጋራ የት አለ? በአባት ነው በእናት? በእናት ከሆነ እኔም ሳልደርስበት አልቀርም።

መኳንንት፦ ጭሰኛ አይደርስም። መሬት የለውም። ትውልድ አይቆጥርም።

ጫኔ፦ አባት የለውም?

መኳንንት፦ አባትማ አለው።

ጫኔ፦ አባቱስ አባት የላቸውም?

መኳንንት፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) ይህን እዚያ ውስጥ ብትናገር ወየውልህ። ምንም አትልም። ዝም ብለህ ትንበረከካለህ። እኔ «ግብሬን አምጣ፣ እኩሌታውን አምጣ» እላለሁ። አንተ ታለቅሳለህ። በል አልቅስ።

ጫኔ፦ ማን ሞተ?

መኳንንት፦ ማንም አልሞተም። ተበድለሃል።

ጫኔ፦ ከተበደልኩ ለምን አለቅሳለሁ? እከሳለሁ እንጂ።

መኳንንት፦ የት ትከሳለህ?

ጫኔ፦ ዳኛ ዘንድ።

መኳንንት፦ ዳኛው እኔው ነኝ። ያኔ ባላባቱ ነው የሚፈርደው።

ጫኔ፦ ባለጋራዬ ይፍረድብኝ እንዴ? ይህ ያስነቅፋል። ወደ በላይ ይግባኝ እላለሁ።

መኳንንት፦ ይግባኝ የለም።

ጫኔ፦ ይግባኝ የሌለበት አገር ሰው እንዴት ይኖራል? የእኔ አባት በአንዲት የድንበር ድንጋይ ከአጎቱ ጋር እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሟግቷል።

መኳንንት፦ ረታ?

ጫኔ፦ ተረታ። ግን አንድ ቀን አላለቀሰም።

መኳንንት፦ እንግዲያው ልቅሶውን ተወው፣ ዘፈኑን በለው። የጭሰኛውን ዘፈን አስጠንቼሃለሁ አይደል? ቀስ ብለህ፣ ሆድ እያባስክ። ጾሙም ያግዝሃል።

ጫኔ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ይፎክራል)

«እኩሉን ለጌታ፣ እኩሉን ለምስለኔ፣
የአውድማው አቧራ ተረፈ ለእኔ!»

መኳንንት፦ ኧረ ቁም፣ ቁም። ይህ ምንድን ነው? ልመና ነው ፉከራ?

ጫኔ፦ ያደረገብኝን እየነገርኩት ነው።

መኳንንት፦ በዚህ አነጋገርህ ግብሩን ትቼልህ እኔው የምሸሽ ነኝ። ዱላ ስጡኝ የምትል ነው የምትመስለው።

ጫኔ፦ ዱላማ ካለ ነገሩ ይቀላል።

መኳንንት፦ (ሰማይ ሰማይ እያየ) እመቤቴ ሆይ፣ በጾምሽ ምን አድርጌሽ ነው? እስቲ ወዲህ ና። ላሳይህ፣ እንዴት እንደሚደረግ በዓይንህ እይ። ይህን በርኖስ ያዝልኝ፣ ጎንበስ ሲሉ ይጎትታል።

(በርኖሱን አውልቆ ለጫኔ ይሰጠዋል። ጫኔ ክንዱ ላይ ያንጠለጥለዋል።)

መኳንንት፦ ጫፉ ጭቃ ነካ እኮ። የአባ ኃይለመስቀል ነው፣ አንድ ነጠብጣብ ቢያዩበት ይረግሙኛል። ልበሰው በቃ።

ጫኔ፦ (ይለብሰዋል) ይሞቃል።

መኳንንት፦ ጋቢህን ወዲህ በለው። ጭራውንም ያዝልኝ፣ ሁለት እጄን እፈልገዋለሁ። አሁን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥ።

ጫኔ፦ ለምን?

መኳንንት፦ ወደ ማን ጎንበስ ልበል? ወደ አጥር? ተቀመጥና እየኝ። አንተ ምንም አትሥራ።

ጫኔ፦ (ተቀምጦ በርኖሱን ጉልበቱ ላይ ይሰበስባል) ምንም አልሠራም።

መኳንንት፦ እንግዲህ ልብ በል። መጀመሪያ ታደገድጋለህ። (ጋቢውን ደረቱ ላይ አጣፍቶ ያስራል) ትከሻህን ሸፍነህ ጌታ ፊት አትቀርብም። እጅህ ባዶ አይሆንም፤ ማር፣ ማር ካጣህ ዶሮ፣ ዶሮ ካጣህ አንድ ሸክም እንጨት። ደጃፉ ላይ ትቆማለህ። አትጣራም። ታስላለህ። እህ፣ እህ። ግን በዝግታ ነው፤ ካበዛኸው ይሰለቹና ያባርሩሃል፣ ካሳነስከው አይሰሙህም።

ጫኔ፦ ውሻውስ?

መኳንንት፦ ጥሩ ጠየቅክ። ውሻው ቢያሸትህ አትከለክለውም፣ ቢነክስህም አትመታውም። የጌታ ውሻ ነው።

ጫኔ፦ ወይ ጉድ።

መኳንንት፦ ግባ ሲሉህ ትገባለህ። ዓይንህ ከጉልበታቸው በላይ አይወጣም። (ተንበርክኮ በጉልበቱ እየተሳበ ወደ ጫኔ ይጠጋል) «ጌታዬ፣ ይማሩኝ። ዘንድሮ በሬዬ ሞቶብኝ ነው። ለከርሞ ከነዕዳው አገባለሁ።» እያልክ የልብሳቸውን ጫፍ ትስማለህ። (የበርኖሱን ጫፍ ይስማል) እሳቸው ወዲያ እያዩ ዝም ይላሉ። አንተ ትጠብቃለህ። ዝም ሲሉ ነው የሚያስፈራው፤ ሲሳደቡማ ነገሩ ቀልሏል ማለት ነው።

ጫኔ፦ (ወዲያ እያየ) እ።

መኳንንት፦ እንዲያ ነው፣ ልክ እንደሱ። ከዚያ ሂድ ይሉሃል። ስትወጣ ጀርባህን አትሰጥም። ፊትህን ወደ እሳቸው እንዳደረግክ ወደ ኋላህ ትሄዳለህ። (ጎንበስ እንዳለ ወደ ኋላው ይራመዳል) ለዚህ ነው ደጃፉ ላይ ያለውን ጉድጓድ ስትገባ አይተህ መያዝ ያለብህ። አባቴ አንድ ቀን ረስቶት...

(ጎንበስ እንዳለ ይቆማል።)

ጫኔ፦ ወደቁ?

መኳንንት፦ (ቀና ሳይል) ወደቀ። እየሳቁበት ተነሳ። እኔ ዶሮዋን ይዤ ከኋላው ቆሜ ነበር።

(ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።)

መኳንንት፦ አርሲ ነግደን ነበር የምለው ውሸት ነው፣ ጫኔ። ንግድ የለም። አባቴ ድርሻው በሙግት አልቆበት ነው የሄደ። እዚያ ለሰው ሲያርስ ኖረ፣ እኔም እዚያው አደግኩ። መኳንንት ብሎ ስም ያወጣልኝም እዚያው ነው። አንድ ቀን ጌታው «ይህ ልጅ ማን ይባላል?» ቢሉት አፍሮ ሌላ ስም ነገራቸው። ከዚያ ቤት ስንወጣ በመንገዱ ሁሉ ሲያለቅስ መጣ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አቶ ገብረየሱስ ቢሰሙ ልጃቸውን በእንጨትም አያስነኩኝ። አንተም በማርያም፣ ካፍህ እንዳይወጣ።

ጫኔ፦ እሺ።

መኳንንት፦ ለዚህ ነው ባላባቱን የምፈልገው። አሁን ገባህ?

ጫኔ፦ ትንሽ ገባኝ። እስቲ ያን ዘፈን አንተ በለው፣ እኔ ልስማው።

መኳንንት፦ አሁን?

ጫኔ፦ (ጭራውን ቀስ አድርጎ እያወዛወዘ) በል።

(መኳንንት በጉልበቱ እንዳለ፣ መሬት መሬት እያየ ይጀምራል። ድምፁ ወፍራምም አይደለም፣ የተማረም አይደለም፤ ግን ያሳዝናል።)

መኳንንት፦ «እኩሉን ለጌታ፣ እኩሉን ለምስለኔ፣
የአውድማው አቧራ ተረፈ ለእኔ።
በሬዬ ሞተና ቀንበሩ ቢተርፍ፣
በራሴ ጠመድኩት ዓመቱ እንዲያልፍ።»

(የአዳራሹ የጀርባ በር ተከፍቶ ኖሯል። መራጯ ጓድ አመተሥላሴ እጇን አጣምራ ቆማለች። ኮፍያዋ የካድሬ ነው፤ ስሟን ግን ያወጡላት ቄስ አባቷ ናቸው።)

አመተሥላሴ፦ ቀጥል።

መኳንንት፦ (ዘሎ ይነሳል) ጓድ! እኛ እኮ ተራችንን እየጠበቅን ነው።

አመተሥላሴ፦ ተራችሁ አልፏል። ስጠራችሁ አልሰማችሁም። ግድ የለም፣ ያየሁት ይበቃኛል። ከጧት ጀምሮ ባላባት እየሰማሁ ጆሮዬ ደንቁሯል። አገሩ በሙሉ ባላባት ሆኖ መጣብኝ። ጭሰኛ የሚሆን ሰው አጥቼ ድራማው ሊቀር ነው ብዬ ለበላይ ልናገር ነበር። የጭሰኛ ያለህ ስል አንተ እዚህ ጭቃ ላይ ተንበርክከህ ትዘፍናለህ።

መኳንንት፦ ተሳስተዋል፣ ጓድ። ባላባቱ እኔ ነኝ። ጭሰኛዬ እሱ ነው።

አመተሥላሴ፦ (ወደ ጫኔ ዞራ) ይህ?

ጫኔ፦ (ከድንጋዩ ሳይነሳ) እንደምን ዋሉ።

አመተሥላሴ፦ አየኸው? እኔ ስመጣ እንኳ አልተነሳም። ውስጥ የገቡት ሁሉ ጮኹብኝ። ይህ ሰው ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። መሬቱ የራሱ የሆነ ሰው ምን ያስጮኸዋል? ባላባት አገኘሁ።

ጫኔ፦ ብርድ ነው፣ ጓድ። በርኖሱ ሞቆኝ ነው እንጂ እነሳ ነበር።

አመተሥላሴ፦ እንዳትነሳ። እንደዚሁ ሁን።

መኳንንት፦ (ይጠጋል፣ ሳይታወቀው ጎንበስ ብሏል) ጓድ፣ እባክዎን። ልማጸንዎት። ባላባት ያድርጉኝ። ባላባት ባልሆን እንኳ ምስለኔ ያድርጉኝ። ዘበኛም ልሁን፣ ጠመንጃ ልያዝ። ጭሰኛ ሆኜ ሰው ፊት ከወጣሁ ሳላገባ ትዳሬ ፈረሰ። (ይንበረከካል) ይማሩኝ፣ ጓድ።

አመተሥላሴ፦ ይኸው። ይህን አነጋገርህን እስከ በዓሉ እንዳትረሳው። ስምህ ማን ነው?

መኳንንት፦ (በዝግታ) መኳንንት።

(አመተሥላሴ ትንሽ ታየዋለች። አትስቅም።)

አመተሥላሴ፦ ጥሩ ስም ነው። በድራማው ላይም እሱኑ እናድርገው። ጭሰኛው መኳንንት ይባላል። ከነገ ጀምሮ ልምምድ አለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ኑ።

(በሩን ዘግታ ትገባለች። መኳንንት ጭቃው ላይ ቁጭ ይላል።)

መኳንንት፦ አለቀልኝ። ስሜንም ወሰደችው። በመስከረም ሁለት፣ አገር ፊት፣ አንገቴን ደፍቼ የአንተን በርኖስ ልስም።

ጫኔ፦ የአባ ኃይለመስቀልን ነው።

መኳንንት፦ ምን ለውጥ አለው? አቶ ገብረየሱስ ከፊት ተቀምጠው ያዩኛል። እንዲህ ጎንበስ ስል አይተው «ይህስ ከቤቱ የለመደው ነው» ይላሉ። የአባቴን ነገር ያውቁብኛል።

ጫኔ፦ እሱንማ ያውቁታል።

መኳንንት፦ ምኑን?

ጫኔ፦ አባትህ አርሲ ለሰው ማረሳቸውን።

መኳንንት፦ (ተስፈንጥሮ) ማን ነገራቸው? አንተ? አሁን እኮ ነው የነገርኩህ።

ጫኔ፦ እኔም ቀድሞ አውቀዋለሁ። አገር ያውቀዋል። አባትህ ተመልሰው ነግደን መጣን ሲሉ ሰው ሁሉ እሺ አለ። ደግ ሰው ስለሆኑ። ነጋዴ ነበርኩ የሚል ሰው የጨው ዋጋ ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል እንዴ? የአቶ ገብረየሱስ ታላቅ ወንድምም እኮ ቆላ ወርደው ለሰው ሲያርሱ ነው የሞቱ። ዘር የምትቆጥር አንተ ብቻ ነህ።

መኳንንት፦ ታዲያ... ታዲያ ሽማግሌዎቼን ለምን ቆዩ ይሏቸዋል?

ጫኔ፦ በማርያም ማኅበር ከጎናቸው ነው የምቀመጥ። ጠላው ሲዞር ነገሩኝ። «ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ቤተሰቡም አይነቀፍም፣ እታገኝም ትወደዋለች» አሉ።

መኳንንት፦ እና?

ጫኔ፦ «ግን ያወራል» አሉ። «ጧት ያወራል፣ ማታ ያወራል፣ የሚመልሱለትን አይሰማም። ልጄን በወሬ አድርቆ ይገድልብኛል» ነው ያሉት።



መኳንንት፦ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?

ጫኔ፦ መቼ አስተነፈስከኝ?

(መኳንንት ተመልሶ ጭቃው ላይ ይቀመጣል።)

ጫኔ፦ ያ ጭሰኛ በድራማው ብዙ ይናገራል?

መኳንንት፦ አይ። ሁለት ጊዜ ይዘፍናል። የቀረውን ይሰማል። ባላባቱ፣ ምስለኔው፣ ሚስቱ፣ ሁሉም ይናገሩበታል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ጫኔ፦ እንግዲህ አቶ ገብረየሱስ ከፊት ተቀምጠው ያን ያህል ጊዜ አፍህን ዘግተህ ሰው ስትሰማ ካዩህ፣ ሽማግሌም አያስልኩህ። ራሳቸው ይጠሩሃል።

(መኳንንት ያስባል። ፊቱ ቀስ በቀስ ይበራል። ከጭቃው ይነሳል።)

መኳንንት፦ ስማ እንጂ ጫኔ፣ እኔ እኮ ይህን ነገር ከመጀመሪያው አስቤበት —

(ጫኔ ከድንጋዩ ሳይነሳ ጭራውን ከፍ ያደርጋል። መኳንንት አፉን ይገጥማል፣ ጋቢውን ደረቱ ላይ ያጠብቃል፣ ፊቱን ወደ ጫኔ እንዳደረገ ወደ ኋላው መራመድ ይጀምራል።)

ጫኔ፦ ጎሽ። አማች ሆንክ።